«ተቀብያለሁ» ማለት ምን ማለት ነው? የኢሜይል ሰርቨሮችና የመልእክት ማጣሪያዎች አሠራር

አንድ ተማሪ ለከፍተኛ ትምህርት አመልክቶ መልሱን በኢሜይል ይጠባበቃል እንበል። መልሱ በወቅቱ ተልኳል፤ ላኪውም ደርሷል ብሎ ያምናል፤ ተማሪው ግን አላየውም። ደብዳቤው በመካከሉ የት ገባ? ይህን ለመመለስ ከተጠቃሚው ዓይን የተሰወሩ ሁለት ፕሮግራሞችን፣ ማለትም መልእክት የሚያመላልሰውንና መልእክት የሚያጣራውን፣ ማወቅ ይኖርብናል። በዚህ ጽሑፍ ፖስትፊክስንና ስፓምአሳሲንን እንመለከታለን። የሁለቱም ሶርስ ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ አሠራራቸውን ውስጣቸው ድረስ ገብቶ ማጥናት ይቻላል።

ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚጓዘው ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. በተባለ የግንኙነት ደንብ መሠረት ነው። ደንቡ የሁለት ሰርቨሮች ጭውውት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ላኪው ስሙን ይናገራል፣ የላኪንና የተቀባይን አድራሻ ይጠራል፣ ከዚያም መልእክቱን ያስረክባል። ተቀባዩ በየደረጃው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይመልሳል። በ4 የሚጀምር ቁጥር «ቆይተህ ሞክር»፣ በ5 የሚጀምር ደግሞ «አልቀበልም» ማለት ነው። መልእክቱ ተነግሮ ሲያበቃ የሚሰጠው 250 ግን የተለየ ክብደት አለው። ሰርቨሩ ይህን ቁጥር ከመለሰ ኃላፊነቱ ከላኪው ወደ እርሱ ተላልፏል፤ ከእንግዲህ ወይ ደብዳቤውን ማድረስ፣ ወይ አለማድረሱን ማሳወቅ አለበት። በእኛ አስተያየት የኢሜይል አስተማማኝነት የሚመዘነው ይህ ቃል በመከበሩ ነው።

በዘመኑ የነበሩት ተጠቃሚዎች በአብዛኛው ተመራማሪዎች ስለነበሩ፣ ላኪው የጠራው አድራሻ የራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ ዘዴ በደንቡ ውስጥ አልተካተተም። የዛሬው ችግር አንዱ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ለረጅም ጊዜ ይህን ሥራ የያዘው ኤሪክ ኦልማን በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጻፈው ሴንድሜይል ነበር። አንድ ትልቅ ፕሮግራም ሁሉንም ሥራ በሰፊ ሥልጣን ያከናውን ነበር፤ በኅዳር 1988 (እ.ኤ.አ.) ኢንተርኔትን ያወከው የሞሪስ ትል ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱም ይኸው ሆነ። ቪትሰ ቬኔማ በአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ማዕከል ሠርቶ በ1998 መጨረሻ ይፋ የሆነው ፖስትፊክስ የተለየ መንገድ ተከተለ። ሥራውን ለትናንሽ ፕሮግራሞች አከፋፈለው፤ አንዱ በር ላይ ይቀበላል፣ ሌላው ወረፋውን ይጠብቃል፣ ሌላው ያደርሳል። በር ላይ የቆመው ከማያውቀው ሁሉ ጋር ስለሚነጋገር ሥልጣኑ እጅግ ጠባብ ነው። ደብዳቤው በዲስክ ላይ ሳይጻፍ 250 አይባልም፤ በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ እንኳ ደብዳቤው አለ። ተቀባዩ ሰርቨር ካልተገኘ ፖስትፊክስ እየደጋገመ ይሞክራል፤ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው ከ5 ቀን በኋላ ለላኪው ይመልሳል።

ወደ ማጣሪያው እንለፍ። ጀስቲን ሜሰን በ2001 ያወጣው ስፓምአሳሲን አንድን መልእክት በብዙ መመዘኛዎች ይፈትሻል። እያንዳንዱ መመዘኛ ነጥብ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ድምሩ 5 ከደረሰ መልእክቱ ስፓም ይባላል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ በ18ኛው መቶ ዘመን በኖረው በቶማስ ባየስ ቀመር ላይ የተመሠረተ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። 1000 ስፓምና 1000 ትክክለኛ ደብዳቤ ለማስተማሪያ ሰጠነው እንበል። «ሎተሪ» የሚለው ቃል በ200 ስፓምና በ10 ትክክለኛ ደብዳቤዎች ውስጥ ከተገኘ፣ ቃሉን የያዘ አዲስ መልእክት ስፓም የመሆን ዕድሉ 200 ለ210 ሲካፈል፣ ይኸውም 95 በመቶ ገደማ ነው። በዚያው መልእክት «ላቦራቶሪ» የሚል ቃል ቢጨመርና ይህ ቃል በ4 ስፓምና በ160 ትክክለኛ ደብዳቤዎች ውስጥ የተገኘ ቢሆንስ? የመጀመሪያው ቃል ወደ ስፓም 20 ለ1፣ ሁለተኛው ወደ ትክክለኛው 40 ለ1 ይስባል፤ ሲባዙ 1 ለ2 ይሆናል። ዕድሉ ወደ 33 በመቶ ወረደ ማለት ነው። ስሌቱ ቃላት እርስ በርስ አይነካኩም ብሎ ይነሣል፤ ይህ እውነት አይደለም፣ ዘዴው ግን በሚያስገርም ሁኔታ ይሠራል።

ኮዱ ክፍት ከሆነ ስፓም ላኪዎችም ያነቡት የለምን? በእርግጥ ያነቡታል። ሆኖም የቃላቱ ቆጠራ የሚቀመጠው በየተቋሙ ዲስክ ላይ እንጂ በኮዱ ውስጥ ስላልሆነ፣ የትኛው ቃል በየትኛው ተቋም እንደሚያድናቸው ከኮዱ ሊያውቁ አይችሉም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ማጣሪያው መቼ ይፍረድ የሚለው ነው። መልእክቱን በ250 ከተቀበሉ በኋላ የሚያጣሩ ተቋማት አሉ። ስፓም ሆኖ ሲገኝ ለላኪው እንዳይመልሱት አድራሻው ብዙውን ጊዜ የተጭበረበረ ነው፤ መልሱ ምንም ወደማያውቅ ሰው ይሄዳል። ድምፅ ሳያሰሙ ቢያጠፉት የገቡትን ቃል ያፈርሳሉ። ያ ጠፊ መልእክት በስሕተት የተያዘ የትምህርት ዕድል ደብዳቤ ቢሆን ላኪውም ተማሪውም አያውቁም። በ2006 የወጣው የፖስትፊክስ 2.3 ዝርያ ሚልተር የተባለውን ማገናኛ በመቀበሉ ማጣሪያው ከ250 በፊት እንዲፈርድ ማድረግ ቀላል ሆኗል። ያልተፈለገው በር ላይ በ550 ይመለሳል፤ ላኪው ቅን ሰው ከሆነ የራሱ ሰርቨር ይነግረዋል። በእርግጥ ላኪው መስመር ይዞ ስለሚጠብቅ ፍርዱ መፍጠን አለበት፤ ደካማ ኮምፒዩተር ባለበት ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። አጠራጣሪ የሆነውን ምልክት አድርጎ ወደ ስፓም ማህደር መላኩ ይበቃል፤ በመልእክቱ ራስጌ ላይ የትኞቹ መመዘኛዎች ስንት ነጥብ እንደሰጡ ስለሚጻፍ ምክንያቱን መመርመር ይቻላል።

አማርኛስ? የባየስ ዘዴ ሰዋስው አያውቅም፤ የሚቆጥረው ያየውን ብቻ ነው። ስፓምአሳሲንም ቢያንስ 200 ስፓምና 200 ትክክለኛ መልእክት ሳይማር በዚህ ዘዴ ነጥብ መስጠት አይጀምርም። ቃላትን እንደተጻፉ ለሚቆጥር ማጣሪያ «ሎተሪ»፣ «የሎተሪ» እና «በሎተሪው» ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «ሰላም» እና «ሠላም»ም እንዲሁ። ቆጠራው ስለሚበታተን ማጣሪያው ለመማር ብዙ መልእክት ይፈልጋል። ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣና «የ»፣ «በ»፣ «ለ» የመሳሰሉትን ከቃሉ የሚለይ መለያ አስቀድሞ ቢሠራ ግን ቆጠራው ይሰበሰባል። ስፓምአሳሲን በፐርል ቋንቋ የተጻፈና ተጨማሪ ክፍል የሚቀበል ፕሮግራም በመሆኑ፣ ይህን ለመሞከር የሚያስፈልገው በትክክል የተለየ የአማርኛ ኢሜይል ክምችትና ጥቂት ሳምንታት ነው።