ከማይክሮስኮፑ እስከ ጨው ዕቃው

ልጃችሁ የሕክምና ትምህርት ደርሶት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከሆነ፣ ለእረፍት ሲመጣ ምን እንደሚማር ጠይቁት። «ሂስቶሎጂና ኢምብርዮሎጂ» ይላችኋል። አባት ራሱን ይነቀንቃል፤ እናት «አላህ ይርዳህ ልጄ» ትላለች፤ ወሬውም እዚያው ላይ ይቋረጣል። ባይቋረጥ ግን መልካም ነበር። ልጁ የሚያጠናው ጉዳይ ማጀት ድረስ የሚገባ ነውና።

ቀድሞ ሐኪም መሆን የሚሻ የጎጃም ልጅ ጎንደር፣ ጅማ ወይም አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረና በኋላም የሕክምና ትምህርት ቤት ከከፈተ ወዲህ ትምህርቱ ደጃችን መጥቷል።

ሂስቶሎጂ የሰውነትን ሥጋ በማይክሮስኮፕ እያዩ አሠራሩን የሚያጠኑበት ትምህርት ነው። ከአንድ የሰውነት ክፍል ቁራጭ ይወሰድና እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል። ውሃው በአልኮል ተመጥጦ ከወጣለት በኋላ በፓራፊን ሰም ይጠነክራል። ከዚያም ማይክሮቶም በሚባል መሣሪያ ይሰነጠቃል፤ አንዷ ስንጣቂ 5 ማይክሮን ያህል ብቻ ናት፤ ከሰው ፀጉር ከአሥር እጥፍ በላይ የሳሳች ማለት ነው። ይህች ስስ ነገር ቀለም ካልነካት አትታይም። ስለዚህ የህዋሱን እምብርት ወይን ጠጅ በሚያደርግ ሄማቶክሲሊን፣ የቀረውንም ሮዝ በሚያደርግ ኢዮሲን ትነከራለች። የጀማሪ ተማሪ ጭንቀት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጉበቱም፣ ኩላሊቱም፣ ቆሽቱም ሁሉም ሮዝና ወይን ጠጅ ሆኖ ይታየዋል! ስሙን መሸምደድ ብቻውን አያዋጣም፤ ዓይን መለማመድ አለበት። ስላይዱን ዐይቶ በእጁ እየሣለ የሚያጠና ተማሪ ከሸምዳጁ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከስላይዶቹ ሁሉ ለጎጃም ልጅ ልዩ ትርጉም ያላት የታይሮይድ ዕጢ ናት። በማይክሮስኮፕ ስትታይ በአንድ ረድፍ ህዋሶች የታጠሩ፣ በሮዝ ፈሳሽ የተሞሉ ክብ ክብ ከረጢቶች ናቸው። ህዋሶቹ ከደም ውስጥ አዮዲንን እየለቀሙ ሆርሞን ይሠሩና በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ያከማቹታል። አዮዲን ሲጎድል በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ «ሥሪ! ሥሪ!» የሚል መልእክት ታበዛለች። ታይሮይድም ትዕዛዙን ለመፈጸም ህዋሶቿን እያበዛችና እያሳደገች ታብጣለች። ይኸው ነው እንቅርት።

እንቅርትን የማያውቅ የደጋ ሰው የለም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ያለ ነገር አልመጣም። አያቶቻችን አንገታቸውን የተነቀሱት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ንቅሳቱ እንቅርትን ይከለክላል ብለው የሚያምኑም ነበሩ። መንስኤው ግን ከአንገት ሳይሆን ከአፈሩ ነው። በጮቄ ተራራና በዙሪያው የሚዘንበው ዝናብ አፈሩን እያጠበ አዮዲኑን በየወንዙ ይዞት ወደ ዐባይ ይወርዳል። በዚያ አፈር የበቀለ ጤፍና ድንችም አዮዲን ያንሰዋል። አንድ ትልቅ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ይህ በ70 ዓመት ዕድሜ ቢደመር 4 ግራም አይሞላም!

እዚህ ላይ ኢምብርዮሎጂ፣ ማለትም የፅንስ አፈጣጠር ትምህርት፣ ይገባል። ታይሮይድ የምትጀምረው አንገት ላይ አይደለም። ከተፀነሰ በ24ኛው ቀን ገደማ በምላስ ሥር ትበቅልና ቀስ በቀስ ወርዳ በ7ኛው ሳምንት ቦታዋን ትይዛለች። ሱብሐነላህ! ሆርሞን መሥራት የምትጀምረው ግን ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የፅንሱ አንጎል የሚያድገው በእናቲቱ ሆርሞን ነው፤ ከዚያ በኋላም አዮዲኑ የሚመጣው ከእርሷው ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል። በጣም ከጎደላት የሕፃኑ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ይህንን ጉዳት ደግሞ በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት አይመልሰውም።

የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ይህን ትምህርት ሲጀምር ባዶ እጁን አይደለም። ኑጥፋ፣ ዐለቃ፣ ሙድጋ የሚሉትን ቃላት ከሱረቱል ሙእሚኑን በመድረሳ ሳለ ሰምቷቸዋል። የካናዳው የአናቶሚ መምህር ኪዝ ሙር የጻፈው የታወቀ የኢምብርዮሎጂ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1983 ከሼኽ ዐብዱልመጂድ አዝ-ዚንዳኒ ኢስላማዊ ማብራሪያ ጋር ታትሞ ነበር። ይህ ልብ ያሞቃል። ነገር ግን አንዳንድ ወጣቶች እነዚህን ሦስት ቃላት ይዘው መጽሐፉን የገለጡ ያህል ሲረኩ እናያለን። ቁርኣን እንድናስተነትን አዘዘን እንጂ ከላንግማን መጽሐፍ ንባብ አላሰናበተንም። ፈተናው ላይ የሚጠየቀው የአከርካሪና የአንጎል ቱቦ በስንተኛው ቀን እንደሚዘጋ ነው፤ መልሱም 28ኛው ቀን አካባቢ ነው። ብዙ እናቶች ያን ጊዜ ማርገዛቸውን ገና አላወቁም። ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ይወሰድ የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ወደ ጨው እንመለስ። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ዘመን እጅግ የታወቀ ነበር። ሙስሊም ነጋዴዎች ከአፋር በረሃ የወጣውን አሞሌ ጨው ይዘው እየመጡ ዐባይን ተሻግሮ ከመጣ ቡናና ወርቅ ጋር ይገበያዩበት ነበር። አሞሌ ገንዘብም ነበር፣ ማጣፈጫም ነበር፤ አዮዲን ግን አልተጨመረበትም። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ በአገራችን የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ደንቡ ግን ማጀት አይገባም። አዮዲን ፀሐይ፣ እርጥበትና እሳት ያባክኑታል። እንግዲህ ለእረፍት የመጣው ልጅ ለእናቱ ሊነግራት የሚገባው ይህ ነው፦ ጨው ሲገዛ አዮዲን ያለበት መሆኑ ከማሸጊያው ላይ ይነበብ፤ በጆንያ ተዘርግፎ ፀሐይ ላይ የዋለ አይገዛ። ቤት ሲገባ አይታጠብ፤ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ወጡ ላይ የሚጨመረውም ሊወርድ ሲል ይሁን።