ቀለሙ ቢያምርም፣ የቮልሱን ሾክ ሳይፈትሹ ዋጋ አይቁረጡ

አሮጌ ቮልስ ለገበያ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው ቀለሙ ነው፤ ቀጥሎ ወንበሩ፣ ከዚያ የሞተሩ ድምፅ። ደላላውም የሚያሞግሰው እነዚህኑ ነው። ተንበርክኮ ከሥር የሚያይ ገዢ ጥቂት ነው፤ ብዙ ብር የሚደበቀው ግን እዚያ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና እንደ ዋዛ የሚታይ ንብረት አይደለም። የቮልስ ምርት ከ21 ሚሊዮን በላይ ከደረሰ በኋላ ሜክሲኮ ፑየብላ ውስጥ የቆመው በ1995 ዓ.ም. በመሆኑ፣ የመጨረሻው እንኳ ዛሬ 20 ዓመት አልፎታል።

ገዢው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሾክ አብዞርበር ሥራ መኪና መሸከም አይደለም። ቮልስን የሚሸከሙት ተጠማዝዘው የሚመለሱ የብረት ዘንጎች ናቸው፤ ሾኩ በውስጡ ባለው ዘይት አማካይነት መንጠሩን ይገታል። ልዩነቱ የገንዘብ ነው። ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ቮልስ አቅርቦ «ሾክ ብቻ ነው፣ ይቀየራል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ያዘነበለ መኪና ሾክ ስለተቀየረለት አይቃናም። የኋላውን ዘንግ ፈትቶ ጥርሱን እንደገና መግጠም ደግሞ ከሾክ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ሥራ አይደለም።

የተለመደው ፍተሻ ቀላል ነው። አንዱን ማዕዘን በሰውነት ክብደት ደጋግሞ ተጭኖ መልቀቅ። ደህና ሾክ ያለው መኪና ወደ ላይ ይመለስና ይረጋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ሾኩ አልቋል። አራቱም ማዕዘን ለየብቻ ይሞከራል።

ቮልስ ላይ ግን ይህ ፍተሻ ያታልላል። የፊት ዘንጎቹ ስስ ብረቶች ተደራርበው ሁለት ቱቦ ውስጥ የገቡ ናቸው፤ ቱቦዎቹም ግሪስ የሚገባባቸው አራት ቦታዎች አሏቸው። ለዓመታት ግሪስ ያላየ ፊት ይደርቃል፣ ሲጫኑትም አልንቀሳቀስ ይላል። ይህን ያየ ገዢ «ጠንካራ ነው» ብሎ ሊደሰት ይችላል። መበየጃ የነካው ይመስል የደረቀ ፊት የሞተ ሾክ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ግሪስ ተሰጥቶት እንደገና ይሞከር።

ከዚያ ወደ ሥር ነው። ሾኩ ላይ ስስ የዘይት ወዝ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ወደ ታች የወረደ፣ አቧራ የለጠፈ ዘይት ግን መፍሰሱን ይናገራል። አዲስ የታጠበ ከሆነ ለምን እንደታጠበ መጠየቅ ነው። ጎማውን በመዳፍ መዳሰስም ይጠቅማል፤ ጥርሱ ከፍ ዝቅ እያለ የተበላ ጎማ ሾክ ያስጠረጥራል፣ የጎማ ባላንስ ጉድለትም ሊሆን ቢችልም። ኮብልስቶን ላይ ሲነዳ የሚንኳኳ ድምፅ ብቻ ካለ ያለቀው ጎሚኒው ሊሆን ስለሚችል በርካሽ ይታለፋል። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው የሚደፋ፣ ጉብታ ካለፈ በኋላም የሚዋኝ መኪና ግን ዋጋ ያስቀንሳል።

ሾክ የሚቀየረው በጥንድ ነው፤ ስለዚህ ገዢው ሲከራከር የአንዱን ሳይሆን የሁለቱን ዋጋ ይቀንስ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሾክ የሚገዛ ደግሞ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ጥቂት ጊዜ ይሳበው፣ ይጫነው። አየሩ ከወጣ በኋላም መንገዱ አጋማሽ ላይ ባዶ የሚሄድ ከሆነ ዘይቱ ጎድሏል፤ ሻጩ ሌላ ያምጣ።