«ምስለት» እና «ማስመሰል»

«ሲሙሌሽን» ለሚለው የውጭ ቃል አቻ ሲፈለግ በመጀመሪያ የሚታሰበው «ማስመሰል» ነው። ሆኖም ከዚሁ ግስ የወጣው «አስመሳይ» በሕዝብ አነጋገር ግብዙን ሰው ስለሚያመለክት፣ ቃሉ ነቀፌታ ተሸክሞ ይገባል። ስለዚህ ከዚያው ሥር የረባው «ምስለት» ይመረጣል።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው በድረ ገጽ ተደራሽነት ረገድ ነው። ክሮም የተባለው ማሰሻ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ የሶፍትዌር አዘጋጁ ገጹን በደበዘዘ እይታ፣ ወይም ቀይና አረንጓዴ መለየት በሚቸግረው ሰው ዓይን እንዲመለከት የሚረዳ የምስለት መሣሪያ ይዟል። በትክክል የተሞላው በአረንጓዴ፣ የተሳሳተው በቀይ ቀለም ብቻ የተለየበት ቅጽ በዚህ እይታ አንድ ዓይነት ሊመስል ይችላል። ፊደሉ ከመደቡ ጋር ሲዋሐድም ጉድለቱ ወዲያው ይገለጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የብርሃን ንጽጽር መጠየቁም ስለዚሁ ነው።

መሣሪያው ግን ወሰን አለው። ዓይኑን ጨፍኖ ገጹን የሚሞክር ባለሙያ የሚያገኘው የጀማሪን ግራ መጋባት እንጂ፣ ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ፈጥኖ የሚሠራውን ዓይነ ስውር ልምድ አይደለም። ስለሆነም «የዓይነ ስውርነት ምስለት» የሚለው ትርጉም ከመሣሪያው አቅም በላይ ይናገራል፤ «የእይታ ምስለት» ይበቃል።