ያውቁ ኖሯል? የማን አረጋዊ ይበልጥ ይወድቃል?

በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው ወድቆ ይሞታል። ከሟቾቹ የሚበዙት ከ60 ዓመት በላይ ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ በ2014 ዕድሜያቸው 65 ከሞላ ሰዎች 28.7 በመቶው በዓመቱ ቢያንስ አንዴ ወድቀናል ብለዋል። ከነባር ሕዝቦችና ከአላስካ ተወላጆች መካከል 34.2 በመቶ! ጥቁሮችና እስያውያን ከነጮች ያነሰ ይወድቃሉ።

ሃዋይ የሚኖሩ ጃፓናውያን ሴቶች አጥንታቸው ሲለካ ከነጮቹ የሳሳ ነው፤ ዳሌያቸው የሚሰበረው ግን ባነሰ መጠን ነው። አንዱ ምክንያት፣ ብዙ አይወድቁም።

በ1960ዎቹ ሲንጋፖር ውስጥ ዳሌያቸው በብዛት የሚሰበረው ሕንዳውያን ነበሩ። በ1990ዎቹ ቻይናውያን ቀደሟቸው፤ በሴቶች ላይ የሚደርሰው ስብራትም በጠቅላላው አምስት እጥፍ ሆነ። በአንድ ትውልድ ደም አይለወጥም፤ የተለወጠው አኗኗር ነው።

ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ዳሌያቸው የሚሰበረው ከነጮቹ በግማሽ ያህል ነው። ከተሰበሩ በኋላ ግን የመሞት ዕድላቸው ከፍ ይላል፤ የአጥንት ምርመራም የሚታዘዝላቸው ባነሰ መጠን ነው። «የጥቁር አጥንት ጠንካራ ነው» ብሎ መዘናጋት ነፍስ ያስከፍላል፤ ይህ ያንገበግባል።

የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ አሜሪካ ሄደው እዚያው የቀሩ እናቶቻችንስ? የሚቆጠሩት «ጥቁር» በሚለው ምድብ ውስጥ ስለሆነ፣ ስንቶቹ እንደሚወድቁ ከዚያ አኃዝ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም።

በ1990ዎቹ እስራኤል ውስጥ የተደረገ ጥናት ከኢትዮጵያ በገቡ ሴቶች ላይ ሰፊ የቫይታሚን ዲ እጥረት አግኝቷል። ጠቆር ያለ ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ተሸፋፍኖ ቤት መዋል ሲጨመርበት ይብሳል። እጥረቱ ሲጠና የጭንና የዳሌ ጡንቻ ይደክማል። እማማ ከሶፋው ሲነሱ ሁለት እጃቸውን ተደግፈው፣ ወደፊት ተወዝውዘው ከሆነ ሐኪም ይያቸው። እጥረት ለሌለበት ሰው ግን የቫይታሚን ዲ ክኒን መውደቅን አይከላከልም፤ የሚያዋጣው የእግርና የሚዛን እንቅስቃሴ ነው።

አንዴ የወደቀ ሰው ዳግም የመውደቅ ዕድሉ እጥፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሐኪማቸው የሚናገሩት ግን ከግማሽ በታች ናቸው። የእኛዎቹ ደግሞ ልጅ እንዳይጨነቅ «ምንም አልሆንኩም» ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። «ወድቀሻል?» ከማለት «እማዬ፣ ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄጂ ምን ትይዣለሽ?» ማለት ይሻላል። ገላ መታጠቢያው ውስጥ ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት ከሌለ፣ የሚይዙት የፎጣ መስቀያውን ነው፤ እሱ ደግሞ ክብደት አይችልም።

ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ከልጅ የተደበቀው መውደቅ ለአስተርጓሚው ሊነገር ይችላልና፣ ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁላቸው።