«ድንጋይ አይተን መጣን!»

ለፋሲካ ጎጃም ዘመድ ጥየቃ የሄዱ ሁለት የአዲስ አበባ ፍቅረኛሞች መርጡለ ማርያም ደርሰው ተመለሱ። «እህሳ፣ ምን አያችሁ?» ሲባሉ ልጁ «ድንጋይ!» ብሎ እርፍ! እሷም «መንገዱ ወገቤን ፈጀው» ብላ ሳቀች።

አይፈረድባቸውም። ያ «ድንጋይ» እቴጌ እሌኒ ከ500 ዓመት በፊት ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ቅሪት ነው። እሌኒ ማለት ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከች፣ ልብነ ድንግል ልጅ ሳለ አገር ያስተዳደረች ሴት ናት። ታዲያ ይህን የሚነግራቸው ካላገኙ ከየት ያምጡት?

ሌላው ዓለም ለዚህ መላ አለው፤ የጎብኚዎች ማዕከል ይባላል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1966 በየፓርካቸው በዘመቻ ገንብተውታል። ነገሩ ቀላል ነው። ቅርሱን ከማየትዎ በፊት ጎራ ይላሉ። ካርታውን፣ የድሮውን ፎቶ፣ ሕንፃው ሳይፈርስ የነበረውን መልክ ያያሉ። ምን እንደሚነካ፣ ምን እንደማይነካ ይነገርዎታል። ሽንት ቤትም አለ፤ እሱም ቀላል ነገር አይደለም! የብራና መጽሐፉን ሁሉም ሰው ከሚያገላብጠው ቅጂው ይታያል፤ ዋናው ዕድሜ ያገኛል። ታሪኩን የሰማ ሰው ደግሞ ግድግዳው ላይ «እወድሻለሁ» ብሎ አይጭርም።

ደብረ ማርቆስንስ ስንቶቻችን በአውቶቡስ አልፈናት ሄደናል? የድሮዋ መንቆረር የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም አዲስ አበባ ከመግባታቸው አንድ ወር ቀደም ብለው በ1933 ዓ.ም. የገቡባት ናት። የሰብለንና የበዛብህን ፍቅር አንብቦ ያለቀሰ ሁሉ ዲማ እዚያው ምሥራቅ ጎጃም መሆኗን ያውቅ ይሆን?

እንግዲህ ማዕከል በሌለበት ቦታ የራስን ማዕከል ይዞ መሄድ ነው። እንዴት?

• ከመሄድዎ በፊት ስለ ቦታው ጥቂት ያንብቡ።
• እንደደረሱ ካሜራ አይምዘዙ። ካህን ካገኙ «አባ፣ ይባርኩኝ» ብለው መስቀል ይሳለሙና ታሪኩን ይጠይቁ።
• የቅዳሴ ሰዓት አይምረጡ፤ ነጠላ አይርሱ፤ ጫማ ያውልቁ።
• የአካባቢው ወጣት ካስጎበኘዎት የድካሙን ይስጡት። ነገ ሥራዬ ብሎ ይይዘዋል።
• ከሽማግሌ የሰሙትን ይጻፉት። እሳቸው ሲያልፉ ወሬውም አብሮ ያልፋልና!

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አበው። የማያውቁትን ቅርስስ ማን ይጠብቀዋል?