ቃልን ከሥሩ መያዝ

መዘዞ የሰሜን ሸዋ ደጋ ከተማ ናት። ስሟን ከአገር ውጭ ያስጠራው ግን በዙሪያዋ ካለው የእሳተ ገሞራ ዐለት የሚወጣው ኦፓል ነው። ኦፓል ሲሊካ ሲሆን በውስጡ ውሃ ይዟል፤ ውሃውን ሲያጣ የሚሰነጠቅም አለ። ስለዚሁ ድንጋይ በእንግሊዝኛ የሚያነብ የመዘዞ ተማሪ «ሃይድሬትድ» እና «ዲሃይድሬሽን» ከሚሉ ቃላት ጋር ይገናኛል። ለየብቻ ከሸመደዳቸው ሁለት ሸክም ናቸው። «ሃይድሮ» ከግሪክኛው የውሃ ስም እንደመጣ ካወቀ ግን በኬሚስትሪ የሚማረው ሃይድሮጅን፣ በጂኦግራፊ የሚያገኘው ሃይድሮሎጂ፣ ግድብ በተነሣ ቁጥር የሚሰማው ሃይድሮኤሌክትሪክ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ይሆኑለታል። ከፍ ያለ የእንግሊዝኛ የቃላት ሀብት የሚገነባውም እንዲህ ነው፤ የሚጠቅመውን ቃል መርጦ፣ ከሥሩ ይዞ፣ በየጊዜው ከራስ አእምሮ እያወጡ። መዝገበ ቃላትን ከዳር እስከ ዳር መሸምደድ ወደዚያ አያደርስም።

ምርጫው የሚጀምረው የቃላት ድግግሞሽ እኩል ካለመሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ እጅግ የተለመዱት 2,000 ያህል የቃል ቤተሰቦች (አንድ መነሻ ቃልና ከእርሱ የረቡት) ከአንድ የትምህርት መጽሐፍ ቃላት ሦስት አራተኛውን ያህል ይሸፍናሉ። የኒውዚላንዷ ተመራማሪ አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ዝርዝር ደግሞ በየትምህርት ዘርፉ የሚመላለሱ 570 ቤተሰቦችን ለይቷል፤ እነዚህ ብቻ ከትምህርት ጽሑፍ ወደ 10 በመቶ ይይዛሉ። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እነዚህን ቃላት ያልያዘ ተማሪ የሚቸገረው በቋንቋው ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ባዮሎጂውም ታሪኩም ይዘጋበታል። በቀን አምስት ቤተሰብ የሚይዝ ሰው 570ዎቹን በ114 ቀን፣ ማለትም አራት ወር ባልሞላ ጊዜ ያዳርሳቸዋል።

ማዳረስ ግን መያዝ አይደለም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ራሱን እየፈተነ እንዳሳየው፣ አዲስ የተያዘ ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ልምምዱ በቀናት ተከፋፍሎ ሲደገም ግን የበለጠ ይጸናል። ካርፒኪና ሮዲገር የተባሉ አሜሪካውያን በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ ነገሩን ያጠናክረዋል። ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ፍቺያቸው ጋር አጠኑ። አንዴ ያስታወሱትን ቃል እየደጋገሙ በቃል መመለሳቸውን የቀጠሉት ከሳምንት በኋላ 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ያንን ትተው በማጥናት ብቻ የቀጠሉት ከሲሶ እምብዛም አላለፉም። ቃሉን አእምሮ ውስጥ የሚያጸናው፣ ገጹን ከድኖ «ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ዘዴ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ የግእዝን ግስ የሚይዘው በዘፈቀደ አይደለም፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ እያለ ስምንቱን አርእስት ለይቶ፣ ሌሎቹን ግሶች በየአርእስታቸው ሥር እያረባ፣ ለመምህሩ በቃሉ እየመለሰ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበትና ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላትም ቃላትን በየሥራቸው ይሰበስባል። ተነባቢዎችን ይዞ አናባቢውን እየለዋወጠ ሰበረን፣ ስብራትን፣ ሰባሪን የሚያውቅ ሰው ቃልን በቤተሰብ ማየት ተፈጥሮው ነው። እንግሊዝኛ በፊትና በኋላ ቅጥያ ይረባል፤ የአሠራሩ መንገድ ቢለይም ዐይኑ ያው ነው።

አንዳንድ መምህራን ይህ ሽምደዳን መመለስ ነው፣ ቃል በንባብ ውስጥ ራሱ ይመጣል ይላሉ። ንባብ አስፈላጊ መሆኑ እውነት ነው፤ ቃል ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚሄድ በደንብ የሚያስተምረው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ያለ ረዳት አንብቦ ለመረዳት ከጽሑፉ 98 በመቶ ያህሉን ቃል ማወቅ እንደሚያስፈልግ የቃላት ትምህርት ተመራማሪው የፖል ኔሽን ጥናቶች ይጠቁማሉ፤ ይህም ከ50 ቃል አንድ ብቻ ባዕድ ሲሆን ማለት ነው። ከአራት ቃል አንዱን የማያውቅ ተማሪ ከየትኛው ፍንጭ ተነሥቶ ይገምታል? ሆን ተብሎ የተያዘው ቃል የንባብን በር ይከፍታል፤ ንባብ ደግሞ ቃሉን ያበስለዋል። ሥር ያሳስታል የሚለውም ሥጋት ተገቢ ነው። «ኢን» ብዙ ጊዜ አፍራሽ ቅጥያ ቢሆንም «ኢንፍላመብል» ማለት የማይቀጣጠል ሳይሆን ቶሎ የሚቀጣጠል ነው። ስለዚህ ከሥር የተገኘ ፍቺ ግምት ነው፤ በዐረፍተ ነገሩና በመዝገበ ቃላት መመርመር አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ይህ ሁሉ ድካም አማርኛን አይጎዳም ወይ የሚለው ነው። ሁለቱ ተቀናቃኞች አይደሉም። በ2006 እ.ኤ.አ. ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናው ጥናት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ተማሪዎች በ8ኛ ክፍል የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ምክንያቱም ለመረዳት አይከብድም። ኦፓሉ ሲደርቅ ለምን እንደሚሰነጠቅ በአማርኛ የገባው ልጅ «ዲሃይድሬሽን» ሲደርስበት የሚቀረው ለሚያውቀው ነገር ሌላ ስም መስጠት ነው። ነገሩ ያልገባው ግን ስሙን ብቻ ይሸከማል። ስለዚህ ተማሪው በደብተሩ ቅዳጅ በአንድ ወገን የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በጀርባው የአማርኛ ፍቺውን ይጻፍ፤ ነገም፣ ከሦስት ቀን በኋላም፣ ከሳምንት በኋላም ገልብጦ ሳያይ ራሱን ይጠይቅ። ወጪው አንድ ወረቀት ነው።