ፊደል፥ ቀለም፥ ዐጀም፦ የማያ መጻሕፍት ታሪክና የየጁ ጽሑፎች ለስያሜ ሥራችን ያነሡት ጥያቄ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ማያ ሕዝብ ታሪክ የተጻፈ አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ወደ አማርኛ ተመልሶ ለአስተያየት ቀርቦልኝ ነበር። ማያዎች በደቡብ ሜክሲኮ፥ በጓቲማላና በአካባቢው ለብዙ ሺሕ ዓመታት የኖሩና ዛሬም ያሉ ሕዝቦች ናቸው። ተርጓሚው ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹ ይፈሳሉ። ሆኖም የማያ ጽሕፈት እንዴት እንደ ተፈታ ከሚተርከው ምዕራፍ ስደርስ፥ እስፓኛዊው መነኩሴ ጽሕፈቱ ፊደል መስሎት እንደ ተሳሳተ፥ ከአራት መቶ ዓመት በኋላም አንድ የሶቪየት ሊቅ ፊደል መሆኑን እንዳረጋገጠ ተጽፎ አገኘሁ። ተርጓሚው ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦችን በአንድ ቃል አስገብቷቸዋል። በእርሱ ብቻ መፍረድ አይገባም፤ በመዝገበ ቃላቶቻችን ከ«ፊደል» በቀር የሚያቀርብለት ቃል አላገኘም።

በአማርኛ «ፊደል» ስንል አንድ ጊዜ መላውን የጽሕፈት ሥርዐት፥ ሌላ ጊዜ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ካሉት አንዱን ምልክት፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ የላቲኑን «ኤ፥ ቢ፥ ሲ» ማለታችን ነው። በዕለት ንግግር ይህ ጉዳት የለውም። ስለ ጽሕፈት ራሱ በምንጽፍበት ጊዜ ግን ጉዳቱ ከላይ እንደ ታየው ነው። የማያው ታሪክ ደግሞ ችግሩን ከሌሎች ይልቅ አጉልቶ ያሳያል፤ የመነኩሴው ስሕተት ራሱ የተወለደው በፊደልና በፊደል መካከል ካለው ልዩነት ነውና።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኩሴ ዲዬጎ ዴ ላንዳ በዩካታን ለማያዎች ወንጌል ሰባኪ ነበር። በ1562 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ማኒ በተባለች ከተማ፥ የተጠመቁት ማያዎች በስውር ወደ ቀድሞ አምልኳቸው ተመልሰዋል በማለት ብዙዎችን አሠቃየ፤ ጣዖቶቻቸውንና በምልክት የተጻፉ መጻሕፍታቸውን አቃጠለ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቁት የማያ ጥንታውያን መጻሕፍት አራት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ በድሬስደን፥ በማድሪድና በፓሪስ፥ አንዱ በሜክሲኮ ይገኛሉ። ላንዳ ስለዚህ ሥራው ተከስሶ ወደ እስፓኛ ተጠራ፤ በዚያም በ1566 ዓ.ም. ገደማ ስለ ዩካታን ነገር አንድ መጽሐፍ ጻፈ። በኋላ ተፈትቶ የዩካታን ጳጳስ ሆነ። የሚያስገርመው፥ መጻሕፍቱን ያቃጠለው ሰው የተዋቸው ጥቂት ገጾች ጽሕፈቱን ለመፍታት ቁልፍ መሆናቸው ነው። የመጽሐፉን ቅጂ ፈረንሳዊው ቄስ ብራሶር ዴ ቡርቡር በማድሪድ አግኝቶ በ1864 ዓ.ም. አሳተመው።

ላንዳ የማያን ጽሕፈት እንደ ላቲኑ አንድ ምልክት ለአንድ ድምፅ የቆመ መስሎት፥ ለሚያስተምሩት ማያዎች የእስፓኛ ፊደላትን ስም እየጠራ «ይህን ጻፉልኝ» ይላቸው ነበር። እስፓኛ «ቤ፥ ሴ፥ ዴ» ይላል እንጂ ባዶ ድምፅ አይጠራም። ጸሐፊዎቹም የሰሙትን ጻፉ፤ «ቤ» ሲላቸው «ቤ» የሚነበበውን ምልክት ሰጡት። ከዚህ የሚብሰው «ሌ» የሚለው ቃል ነው፤ በማያ ቋንቋ ወጥመድ ማለት ነው። ላንዳ ቃሉን በእስፓኛ ልማድ ፊደል በፊደል ሲጠራ «ኤሌ፥ ኤ፥ ሌ» ብሎ ይሆናል፤ የተሰጠውም «ኤ፥ ሌ፥ ኤ፥ ሌ» የሚል አራት ምልክት ነው። በመጨረሻ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፉለት ቢጠይቅ፥ የተሰላቸ የሚመስለው ጸሐፊ «ማ ኢን ካቲ» ብሎ ጻፈለት፤ ትርጉሙ «አልፈልግም» ነው።

ይህን ነገር ወልድያ ላይ ከአንድ የአብነት ተማሪ ጋር ሞክሬው ነበር። «ቤ ጻፍ» አልኩት፤ ያለ ማመንታት ኀምሱን «ቤ» ጻፈ። «ኤሌ» ስለው ሁለት ምልክት ጻፈ። «አንድ ብቻ ነው የጠየቅኩህ» ብለው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ትክ ብሎ አየኝ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠረ ሰው የላንዳ ስሕተት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን ዘጠና ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ ብዙዎቹም የላንዳን ዝርዝር ዋጋ የሌለው ነገር አድርገው ጥለውት ነበር።

በ1952 ዓ.ም. ዩሪ ኖሮዞቭ በሌኒንግራድ ሆኖ ባሳተመው ጽሑፍ የላንዳ ምልክቶች ተናባቢንና አናባቢን በአንድነት እንደሚይዙ አሳየ። ማስረጃው ቀላልና ውብ ነው። በጥንቱ መጽሐፍ ከተርኪ ሥዕል በላይ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ የመጀመሪያው ላንዳ «ኩ» ያለው ነው። በማያ ተርኪ «ኩትስ» ይባላል፤ እንግዲያው ሁለተኛው ምልክት «ትሱ» ይሆናል። ከውሻ ሥዕል በላይ ደግሞ ይኸው «ትሱ» መጀመሪያ ላይ ቆሞ ላንዳ ለ«ል» የሰጠው ምልክት ይከተለዋል፤ «ትሱሉ»፥ ይኸውም «ትሱል»፥ በማያ ውሻ ማለት ነው። የመጨረሻው አናባቢ ይጻፋል እንጂ አይነበብም። እኛ በዚህ አንደናገርም፤ «ቤት» ብለን ስንጽፍ «ት» ሳድስ ናት፥ ሳድስም አንዳንዴ አናባቢ ይዛ አንዳንዴ ሳትይዝ ትነበባለች። ልዩነቱ፥ እኛ ለዚህ አገልግሎት አንድ የተለየ ረድፍ ሲኖረን ማያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከፊተኛው አናባቢ ጋር የሚስማማውን ምልክት መምረጣቸው ነው። እንግሊዛዊው ኤሪክ ቶምፕሰን ይህን ሐሳብ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ተቃወመ። በ1960 ዓ.ም. ታቲያና ፕሮስኩርያኮፍ የድንጋይ ጽሑፎቹ የነገሥታትን ልደት፥ ንግሥና ሞት የሚተርኩ መሆናቸውን አሳየች፤ ከዚያ ወዲህ ማያዎች ታሪካቸውን በራሳቸው አፍ መናገር ጀመሩ ማለት ይቻላል።

ተርጓሚዎቻችንን የሚመለከት ሌላም ነገር አለ። የዩካታን ማያ በጉሮሮ መዘጋት የሚፈነዱ አምስት ድምፆች አሉት፤ እነዚህም ጰ፥ ጠ፥ ጸ፥ ጨና ቀ ናቸው። እስፓኛ አንዳቸውም የሉትም። ስለዚህ መነኮሳቱ ተቸግረው የላቲኑን «ሲ» ለ«ከ»፥ «ኬ»ን ለ«ቀ» ደለደሉ፤ «ፒ»ን ደግመው በመጻፍ «ጰ»ን ወከሉ። በጓቲማላ ደግሞ ፍራንሲስኮ ዴ ላ ፓራ ሦስትና አራት ቍጥርን የሚመስሉ አዳዲስ ምልክቶችን ፈጠረ። በኛ ፊደል ግን አምስቱም ቦታ አላቸው። እንዲህ ከሆነ፥ የእስፓኛውንና የእንግሊዝኛውን ድክመት ተከትለን «ኩኩልካን» የምንጽፍበት ምክንያት ምንድን ነው? በቋንቋው ስሙ «ቁቁልካን» ነው። «ኪቼ» የምንለው ሕዝብም ራሱን «ቂቼ» ይላል። «መጻፍ» የሚለው የማያ ቃል «ጺብ» ነው። የውጭ ስም ሲገባ በሁለተኛው አገር በር ሳይሆን በባለቤቱ በር እንዲገባ ማድረግ በዚህ ረገድ ለአማርኛ ከማንኛውም የአውሮፓ ቋንቋ ይቀለዋል።

ማያዎች ጥንታዊ ጽሕፈታቸውን ሲያጡ ዝም አላሉም። ከመነኮሳቱ የተማሩትን የላቲን ፊደል ወስደው የራሳቸውን ነገር ጻፉበት። ፖፖል ቩህ የተባለው የቂቼዎች መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ዓመት በዚህ ዐይነት ተጽፎ፥ ከ1701 እስከ 1703 ዓ.ም. ፍራንሲስኮ ሂሜኔዝ በገለበጠው ቅጂ ደረሰን። የዩካታኖቹ የቺላም ባላም መጻሕፍትም በየመንደሩ በአገሬው ጸሐፊዎች እጅ እየተገለበጡ ቈዩ። የአንዱን ልሳን በሌላው ፊደል መጻፍ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ ለማስረጃም ሩቅ መሄድ አያሻም።

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ በቀድሞ አጠራሩ የጁ ነው። በዚህ አገር ዲያቆኑ አማርኛን በግዕዝ ፊደል፥ ደረሳው በዐረብ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል፤ ሁለቱም ገበያ ላይ ሲገናኙ የሚነጋገሩት በአንድ ቋንቋ ነው። በዐረብ ፊደል የተጻፈው አማርኛ «ዐጀም» ይባላል፤ በዐረብኛ ዐረብ ያልሆነ ማለት ነው። መንዙማዎቹ በብዛት የቈዩልን በዚህ ጽሕፈትና በቃል ነው። በየጁ ያለው ዳና በዚህ ትምህርት ስሙ የታወቀ ስፍራ ነው፤ የሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር የአማርኛ መንዙማዎችም በመላው ወሎ ይዜማሉ። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1926 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ መዝሙሮች አሳትሟል፤ ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድም በ2001 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ በ19ኛው መቶ ዓመት በወሎ የነበረውን እስልምናና ሊቃውንቱን በሰፊው መርምረዋል።

የየጁ ደረሳ የገጠመው ችግር የዩካታን ጸሐፊ ከገጠመው ጋር በዐይነቱ አንድ ነው። ዐረብኛ ለጠ «ጧ»ን፥ ለጸ «ሷድ»ን፥ ለቀ «ቃፍ»ን ይሰጠዋል፤ እነዚህ የሴም ቋንቋዎች ዘመድነት የሰጣቸው ናቸው። ለጨና ለጰ ግን የተዘጋጀ ምልክት የለም። አናባቢውም ሦስት ብቻ ነው፤ አማርኛ ሰባት አለው። ያለ ተጨማሪ ምልክት «ሆነ»ንና «ሁነ»ን መለየት አይቻልም።

ነገር ግን ዐጀም ከፊደላችን የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ዐይኑን ሊያሳርፍበት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነገረውን አይለይም። «አለ» ብለን ስንጽፍ ሰውዬው ተናገረ ወይስ በሕይወት ይኖራል? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰ ነገር? «ዋና» ውኃ ውስጥ ነው ወይስ ከሁሉ የሚበልጠው? አንባቢ ከዐውዱ ይገምታል። ዐረብ ፊደል ግን «ሸዳ» የምትባል ምልክት አለችው፤ በጠበቀው ሆሄ ላይ ትቀመጣለች። ደረሳው ሸዳዋን ባልተወበት ቦታ ሁሉ፥ ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የየጁ ሰው ያን ቃል አጥብቆ ወይም አላልቶ ይናገር እንደ ነበር ምስክር ይሆነናል። እንዲህ ያለ ምስክር በግዕዝ ፊደል ከተጻፉት የአማርኛ ጽሑፎች አይገኝም።

ዐጀምን ወደ ፊደል መልሶ ማሳተም የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ግን ሸዳው በዚያው ይጠፋል። አሳታሚው ስሕተት ሠራ ለማለት አይደለም፤ እኔም ወጣት ሳለሁ ጥቂት የመንዙማ ስንኞችን ስገለብጥ ሸዳዎቹን ሁሉ ትቻቸው ነበር፥ ዛሬ ያንን ደብተር ባየሁ ቍጥር እቈጫለሁ። ላንዳም የሰማውን በራሱ ፊደል ሚዛን ሲመዝን የቀረውን አላስተዋለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ (በኛ አቈጣጠር) ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን አዳርሷል፤ በሣጥን ውስጥ ያለ ወረቀት ደግሞ ለእሳትም ለዝናብም ቅርብ ነው። ስለዚህ ጽሑፎቹ በመጀመሪያ በፎቶግራፍ ይነሡ፤ ወደ ፊደል ሲመለሱም በጠበቀው ሆሄ አናት ላይ ነጥብ ይደረግ።

አገሬው ሊቅና የውጭ አገሩ ተመራማሪ በተሻለ መንገድ የተገናኙበትም ጊዜ ነበር። ከቤተ አማራ፥ ከመካነ ሥላሴ የወጡት አባ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያን ጋር ተሰደው ሮም ሳሉ በ1649 ዓ.ም. ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ዓ.ም. በጎታ አብረው ሠሩ። በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ በ1698 ዓ.ም. የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሲያሳትም ቃላቱን በራሳቸው ፊደል አስቀረጸ፤ የመምህሩንም ስም አልሸሸገም። ላንዳ ከረዱት ማያዎች ጋስፓር አንቶኒዮ ቺና ናቺ ኮኮም ስማቸው ተርፏል፤ «ማ ኢን ካቲ» ያለው የትኛው እንደ ሆነ ግን መጽሐፉ አይናገርም።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ለእያንዳንዱ ምልክት «ሆሄ» የሚል ጥሩ ቃል አለን፤ «ፊደል» ለመላው ስብስብ ይቅር። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ሆሄ ለአንድ ድምፅ ሲቆም «ድምፀ ሆሄ»፥ ተናባቢና አናባቢን ሲይዝ «ቀለመ ሆሄ»፥ አንድ ሙሉ ቃልን ሲወክል «ቃለ ሆሄ» ቢባል ይበጃል። «ቀለም» በሰዋስዋችን የቃል ክፍልን የሚያመለክት ስለ ሆነ መረጥኩት፤ «ቀለመ ሆሄ» በቀይ ቀለም የተጻፈ ሆሄ ይመስላል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ፥ የተሻለ ያለው ያቅርብ። ፒተር ዳንኤልስ በ1990 ዓ.ም. እንደ ኛ ላለው የጽሕፈት ዐይነት «አቡጊዳ» የሚል ስም አውጥቷል፤ ቃሉን የወሰደው ከኛው ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ግን አቡጊዳ ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎ የሚቈጠር ሌላ የሆሄ አሰላለፍ ነው እንጂ የጽሕፈት ዐይነት አይደለም። ስለዚህ በአማርኛ ስንመልሰው «የአቡጊዳ ወገን ጽሕፈት» ብንል ከመምህሩም ከተመራማሪውም ጋር አንጣላም።

የተርጓሚው ዐረፍተ ነገርም በዚህ መሠረት ተስተካክሏል፦ «ላንዳ የማያ ጽሕፈት በድምፀ ሆሄ የተጻፈ መሰለው፤ ኖሮዞቭ ግን ቀለመ ሆሄና ቃለ ሆሄ የተቀላቀሉበት መሆኑን አሳየ።» «ኪቼ»ዎቹም በየገጹ ወደ «ቂቼ» ተለውጠዋል።